ግልጽ ደብዳቤ፦ ፖፕ ሎይድን ከእርጅናው አትጀምሩት

ይድረስ ለሜጀር ሊግ ቤዝቦል የኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት፣ ኒው ዮርክ።

ግልባጭ፦ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ቤዝቦል ለምትወዱም «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው» ለምትሉም ወገኖቼ።

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ በሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው። አንዱ ካል ሪፕከን ጁኒየር ነው፣ የባልቲሞር ኦሪዮልሱ። ሌላው ጆን ሄንሪ ሎይድ ነው፣ ሰዉ ፖፕ ሎይድ የሚለው። ሁለቱም ሾርትስቶፕ ነበሩ። አንዱ ከጀመረ ከ75 ዓመት በኋላ ነው ሌላው የጀመረው። ማን ይበልጣል ብዬ ሳወዳድራቸው ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ባወዳደርኩ ቁጥር ግን መሃል ላይ አንድ ነገር ያስቆመኛል፣ እሱም እናንተ እጅ ያለው የሎይድ መዝገብ ነው። ስለዚህ ልጻፍላችሁ አልኩ።

እንግሊዝኛውን ለብቻው በፖስታ እልካለሁ። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ክርክሩ የተነሳው በአማርኛ ስለሆነ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበሩትም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ለወገኖቼ ትንሽ ላስረዳ። ሾርትስቶፕ ማለት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጩ እየረገጠ በሚያልፋቸው የሜዳው ማዕዘኖች) መካከል የሚቆም ተጫዋች ነው። አብዛኛው መቺ ቀኝ ስለሆነ ኳስ ወደሱ ይበዛል። ኳሷ መሬት ለመሬት እየነጠረች ትመጣለች። ጎንበስ ብሎ መያዝ፣ ቀና ማለት፣ ከሜዳው ማዶ እስካለው አንደኛ ቤዝ ድረስ መወርወር አለበት። የመታው ሰው ደግሞ እየሮጠ ነው፤ አንደኛ ቤዝ ለመድረስ የሚፈጅበት ከአራት ሴኮንድ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። በዚህ መሃል ኳሷ እጁ ላይ አንዴ ብትንከባለል አለቀ። ልጄ ትንሽ ሆኖ እዚህ ቦታ ሲያጫውቱት አጥሩን ይዤ ቆሜ አይ ነበር። ኳሷን ብቻ ላንሳ ሲል ታመልጠዋለች። አንድ ቀን ግን ጓንቱን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ ከነአቧራው፣ ከነጠጠሩ ዝቆ አነሳት። ከጓንቱ ውስጥ ኳሷን ሲያወጣ አፈሩ በጣቶቹ መሃል ይፈስ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከሪፕከን ልጀምር፣ ምክንያቱም ቤዝቦልን ያስወደደኝ እሱ ነው።

እኔ አሜሪካ የገባሁት በ1994 ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ተጫዋቾቹ ሥራ አቆሙና የዋንጫው ጨዋታ ዎርልድ ሲሪስ እንኳ ሳይካሄድ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመለሱ ሰዉ ተቀይሞ ነበር። እኔ ያኔ ዋሽንግተን መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። መግቢያው ላይ ባለችው የቲኬት ቤት አንዲት አንቴናዋ በፕላስተር የታሰረች ሬዲዮ ነበረች። መስከረም 6 ቀን 1995 ማታ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባችን ሬዲዮዋን ከፍ አድርገው ከወንበራቸው ሳይነሱ ቀሩ። መኪና ሲመጣ እኔ ነበርኩ የምሮጠው። በመካከሉ ጭብጨባው አልቆም አለ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ከጭብጨባና ከጩኸት ሌላ ብዙም የሚሰማ የለም። «ጋሼ፣ ምን አድርጎ ነው እንዲህ የሚጮሁለት?» አልኳቸው።

«ሥራ ቀርቶ አያውቅም» አሉኝ። «አሥራ ሦስት ዓመት። አንድ ቀን አልቀረም።»

ሌሊት ሌሊት ለሚሠራ፣ ታምሞም ቢሆን ፈረቃው እንዳያልፈው ለሚፈራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ያን ማታ ሪፕከን በተከታታይ ያደረጋቸው ጨዋታዎች 2,131 ደረሱ። የሉ ጌሪግን 2,130 አለፈ፤ ያ ክብረ ወሰን ከ1939 ጀምሮ ማንም ሳይነካው የቆየ ነበር። ጭብጨባው 22 ደቂቃ እንደቆየ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሪፕከን ሜዳውን እየዞረ ከተመልካቹ ጋር እጅ ለእጅ ሲነካካ ያየሁትም በኋላ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እዚያው ነበሩ። ሰውዬው ደግሞ በዚያው ማታ ሆም ረን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥሩ ማዶ የሚያሳልፍ ምት፣ መትቷል። ከዚያም በኋላ አላቆመም፣ መስከረም 1998 ላይ በራሱ ፈቃድ አርፎ እስኪቀመጥ ድረስ 2,632 አድርሶታል።

ግን በዚህ ቁጥር ብቻ እንዳታስታውሱት። ሪፕከን 1 ሜትር ከ93 ነው። ያኔ ሾርትስቶፕ ማለት ትንሽ፣ ቀልጣፋ፣ ዱላ ሲይዝ ግን ብዙም የማያስፈራ ሰው ነበር። በ1982 አሰልጣኙ ኧርል ዊቨር ከሦስተኛ ቤዝ አንስተው ሾርትስቶፕ ሲያደርጉት ብዙ ሰው ይሄን የሚያህል ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ነው ብሏል። እሱ ፈጣን አልነበረም። የሚንቀሳቀሰው ኳሷ ከመመታቷ በፊት ነበር፤ የራሱ ቡድን ወርዋሪ ምን ሊወረውር እንደሆነ፣ መቺው ያንን ወዴት እንደሚመታው አስቦ አንድ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ይጠጋል። ኳሷ ስትደርስ እሱ እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ዘሎ ሲወድቅ የማታዩት። በ1990 ዓመቱን በሙሉ ሾርትስቶፕ ላይ የሠራው ስህተት 3 ብቻ ነው። 431 ሆም ረን፣ 3,184 ሂት (መትቶ ቤዝ የደረሰበት)፣ ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች፣ በ1983 ዎርልድ ሲሪስ። 21 ዓመት ሙሉ ለአንድ ቡድን፣ ያውም ባደገበት አካባቢ ላለው ቡድን። ከሱ በኋላ የመጡት ግዙፍ ሾርትስቶፖች በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሎይድ።

ሎይድ የተወለደው በ1884 ፍሎሪዳ ውስጥ ፓላትካ በምትባል ከተማ ነው። በዚያው ዓመት ሞሰስ ፍሊትዉድ ዎከር የሚባል ጥቁር ተጫዋች ለቶሊዶ በትልቁ ሊግ ተጫውቷል። ከዚያ ዓመት በኋላ ለጥቁሮች በሩ ተዘጋ፤ እስከ 1947፣ ጃኪ ሮቢንሰን ትልቁ ሊግ እስኪገባ ድረስ። ሎይድ ወደዚህ ዓለም ሲገባ በሩ ከኋላው እንደተዘጋ ቁጠሩት። ተጫውቶ ጨርሶ፣ አርጅቶ፣ ሌላ ሥራ ይዞ ነው የተከፈተው። (ጃኪ ሮቢንሰንም ቢሆን በ1945 ለጥቁሮቹ ቡድን ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ሲጫወት ሾርትስቶፕ ነበር፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።)

ከ1906 ጀምሮ በፊላዴልፊያ፣ በቺካጎ፣ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ቡድኖች ተጫወተ። የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል፤ እንደ ሪፕከን በአንድ ቡድን እርጅና ድረስ መቆየት የሚባል ቅንጦት አልነበረውም። በጋ እዚህ፣ ክረምት ሲገባ ኩባ። እዚያ ኩባ ያወጡለት ስም ነው ልቤን የያዘው፦ ኤል ኩቻራ። ማንኪያው ማለት ነው። እጆቹ ትልልቅ ነበሩ፣ ኳሷን ሲያነሳ ከነአፈሩ፣ ከነጠጠሩ ዝቆ ነበር የሚያነሳት። ልጄ በትልቅ፣ በተሰፋ፣ ወፍራም ጓንት አንድ ቀን ያደረጋትን ነገር ሎይድ ከእጅ መዳፍ ብዙም በማትበልጥ ቁራጭ ቆዳ፣ ድንጋይ ባልተለቀመበት ሜዳ ላይ፣ ከ20 ዓመት በላይ አድርጓታል።

በ1910 የትልቁ ሊግ ቡድን ዲትሮይት ታይገርስ ኩባ፣ ሃቫና ሄደው ተጫውተዋል። ታይ ኮብም አብሯቸው ነበር። ኮብ ማለት ሲሮጥ ጫማው ሥር ያለውን ሹል ብረት ወደ ተከላካዩ እግር አቅንቶ የሚንሸራተት ሰው ነው። ሎይድ ቅልጥሙ ላይ መከላከያ አድርጎ እንደጠበቀው፣ ኮብ ቤዝ ሊሰርቅ (ኳስ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ ሊገባ) በመጣ ቁጥርም እየያዘ እንዳወጣው ይተረካል። ሎይድ በዚያ ግጥሚያ ከ22 አጋጣሚ 11 ጊዜ መምታቱም ይጠቀሳል። ያኔ 26 ዓመቱ ነበር። ከትልቁ ሊግ ሰዎች ጋር በአንድ ሜዳ የሚገናኘው እንዲህ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ወይም ከውድድር ውጭ በሚደረግ ጨዋታ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ማወዳደሩ ልግባ። እኛ ኢትዮጵያውያን የተለያየ ዘመን ሰው ማወዳደር ለምደነዋል፣ ከአበበና ከቀነኒሳ ማን ይበልጣል እያልን እንከራከራለን። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ገባ። 13 ደቂቃ ተኩል ልዩነት ነው። ስለዚህ አበበ ያንሳል የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። አበበ በባዶ እግሩ፣ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ በዘመኑ የነበረውን ሁሉ ጥሎ ነው የገባው። ሰው የሚለካው አብረውት ከቆሙት ጋር ነው።

ከሎይድ ጋር አብሮ የቆመው ማን ነው? በሩ ባይዘጋ አብሮት የሚቆመው ሆነስ ዋግነር ነበር። የፒትስበርጉ። ስምንት ጊዜ በመምታት አንደኛ የወጣ፣ በ1936 ለቤዝቦል የዝና አዳራሽ (የምርጥ ተጫዋቾች የክብር ቦታ) ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች አንዱ። እስከ ዛሬ ከሾርትስቶፖች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው ሲባል አብዛኛው አዋቂ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ሎይድን በዚያ ዘመን «ጥቁሩ ዋግነር» ይሉት ነበር። ዋግነር ይህን ሲሰማ ከሎይድ ጋር መወዳደሩ ለራሱ ክብር እንደሆነ ተናግሯል። ኮኒ ማክ ደግሞ፣ ከ50 ዓመት በላይ ቡድን የመራው ሰውዬ፣ ሁለቱን ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ እጃችሁ የገባውን ብታወጡ አትከስሩም ብሏል ይባላል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሪፕከንን ከዋግነር በላይ የሚያስቀምጥ ሰው እስከዛሬ አላየሁም፣ እኔም አላስቀምጥም። ሎይድን ግን ሁለቱንም በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ከዋግነር እኩል አስቀምጠውታል። እንግዲህ ሎይድ ይበልጣል። ሪፕከንን እንዲህ እየወደድኩት ይህን መጻፍ ቀላል አልሆነልኝም። ጠረጴዛችን ላይ ይህን ስናገር የደረሰብኝ ተቃውሞ ግን አንድ ነው፣ እሱም ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፦ «የታለ ቁጥሩ? ይባላል፣ ይተረካል ብቻ ነው የምትለን!»

እዚህ ላይ ነው እናንተ የምትመጡት።

በታኅሣሥ 2020 ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች እንደ ትልቅ ሊግ እንደምትቆጥሩ አሳወቃችሁ። በግንቦት 2024 ደግሞ ከ2,300 በላይ የሚሆኑ ተጫዋቾችን ቁጥር ከዋናው መዝገብ ጋር አዋሃዳችሁ። ከጥቁሮች ሊጎች ኮከቦች አንዱ የነበረው ጆሽ ጊብሰን በመምታት አማካይ ከታይ ኮብ በላይ ሆነ። ያን ዜና ባየሁበት ቀን ለጋሼ ደወልኩላቸው፣ በጣም ነው ደስ ያላቸው። ትልቅ ሥራ ሠርታችኋል፣ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ግን መዝገባችሁ የሚከፈተው በ1920 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ሎይድ 36 ዓመት ሞላው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አንድ ምሽት ወረቀት አወጣሁና የሪፕከንን ቁጥር በዚያው መንገድ ቆረጥኩት። ሪፕከን በ36 ዓመቱ የጀመረው የውድድር ዘመን የ1997ቱ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ሰረዝኩ። ከ3,184 ሂት 635 ቀረ። ከ431 ሆም ረን 78። ሁለቱም የኮከብነት ሽልማቶች ጠፉ። የ1983 ዋንጫ ጠፋ። 3 ስህተት ብቻ የሠራበት 1990 ጠፋ። የመስከረሙ ምሽት፣ ጭብጨባው፣ የጋሼ ሬዲዮ ጠፋ። ከሁሉም የባሰው ደግሞ በ1997 ሪፕከን ወደ ሦስተኛ ቤዝ ተመልሶ ነበር። ስለዚህ ሾርትስቶፕ ነበር ብሎ የሚመሰክር ቁጥር ከሞላ ጎደል አልቀረም። አንድ ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ደህና የሚጫወት የሦስተኛ ቤዝ ሰው ብቻ ቀረ።

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሎይድ እናንተ ዘንድ ያለው በዚህ መልክ ነው። ዋግነር ግን ከ1897 እስከ 1917 ያደረገው ሁሉ ሳይጎድል አለ።

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። ሩብ ፎስተር የጥቁሮችን ብሔራዊ ሊግ ካንሳስ ሲቲ ላይ ያቋቋመው በየካቲት 1920 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሊግ ሳይሆን እየዞሩ መጫወት ነው፣ የጨዋታው ብዛት አይመጣጠንም፣ ተጋጣሚው አንዳንዴ ጠንካራ አንዳንዴ የሰፈር ቡድን ነው። ልክ ነው። ግን ሊግ ያልነበራቸው ሊግ ስላልፈለጉ አይደለም። ያ ዘመን ሥርዓት ያልነበረው በሩን የዘጉት ሰዎች ሥርዓቱን ለራሳቸው ብቻ ስላስቀሩት ነው። ዛሬ ደግሞ ያ ሥርዓት አልነበረም ተብሎ ቁጥሩ ሲቀር፣ ሰውዬው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ነው የሚቀጣው፤ ያውም በሌላ ሰው ጥፋት።

ቁጥሩ ደግሞ የለም አይባልም። ቺካጎ ዲፌንደርን፣ ኢንዲያናፖሊስ ፍሪማንን የመሳሰሉ የጥቁሮች ጋዜጦች ጨዋታዎቹን ይዘግቡ ነበር። የእናንተም የ2024 ሥራ የቆመው ተመራማሪዎች ከእንዲህ ዓይነት ጋዜጦች አንድ በአንድ ለቅመው ባወጡት ነው። ከ1920 በፊት ያለውንም ብዙ ሄደውበታል። የኩባውንም ክረምት እንዲሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከ1906 እስከ 1919 ያለውን ከሜጀር ሊግ ድምር ጋር ደባልቁት አላልኩም፣ እሱን የሚወስኑት ባለሙያዎች ናቸው። ግን በሎይድ ገጽ ላይ፣ ከዋናው ሠንጠረዥ በላይ፣ እነዚያን ዓመታት በራሳቸው ረድፍ አስቀምጧቸው። የት ቡድን እንደነበረ፣ የተገኘው ጨዋታ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደመታ። በሩ ተዘግቶ ስለነበር ይህ በሌላ ቦታ የተደረገ ነው የሚል አንድ መስመር ጻፉበት። ኩባንም ጨምሩ። ለሎይድ ብቻ አይደለም፣ መዝገቡ ሲከፈት ያረጁ ለነበሩ ሁሉ። ያልተለቀሙት ጋዜጦች እንዲለቀሙም ገንዘብ መድቡ፤ ይህን እስካሁን ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች አብዛኛውን የሠሩት በትርፍ ጊዜያቸውና በፍቅር ነው።

ሎይድ ራሱ አላማረረም። መጫወት ካቆመ በኋላ አትላንቲክ ሲቲ ኖረ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ሠራ፣ የሰፈሩን ልጆች ቤዝቦል አስተማረ። በ1949 ከተማዋ ስታዲየም ሠርታ በስሙ ስትሰይመው፣ በተሳሳተ ጊዜ ነው የተወለድኩት ብዬ አላስብም፣ የሕዝባችንን ችሎታ ለማሳየት ዕድል አግኝቻለሁ ብሎ ተናገረ። የዝና አዳራሹ የገባው በ1977 ነው፣ ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። ሪፕከን በ2007 ሲገባ ቆሞ ንግግር አድርጓል፣ እኔም አዳራሹ ያለበት ኩፐርስታውን ባልሄድም ቤቴ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለባልቲሞር ሰዎች። ሐምሌ 5 ቀን 1930 ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት የጥቁሮች ቡድኖች ተጋጠሙ። ጨዋታው የባቡር አስተናጋጆችን ማኅበር ለመርዳት የተዘጋጀ ነበር። አንዱ የኒው ዮርክ ሊንከን ጃይንትስ፣ ሌላው የእኛው የባልቲሞር ብላክ ሶክስ። የሊንከኖቹ አሰልጣኝ ሎይድ ነበር። በዚያ ቀን አሰልጥኖ ብቻ አልተመለሰም፣ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆሞ ተጫውቷል። 46 ዓመቱ ነበር።

ልጄ አሁን አድጓል፣ ቤዝቦሉንም ትቶታል። ግን ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሎይድን ገጽ በስልኩ ከፈተ። ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ከሸመገለ በኋላ ነው እንዴ የጀመረው?» አለኝ።

ምን ብዬ እንደምመልስለት ንገሩኝ። መልሳችሁን በአድራሻዬ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የኦሪዮልስ ደጋፊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ